ፍሬን የሌላት ሳይክል

የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ሁልጊዜ ከቀኙ ቀድሞ ነበር የሚያልቀው። አያቴ ነገሩ ግራ ገብቷት "ይቺ ልጅ ታነክሳለች እንዴ፣ እስቲ ወጌሻ እናሳያት" ስትል ሁሉ ሰምቻታለሁ። እኔ ዝም። ምን ልበል፣ የግራው ነጠላ ጫማ ፍሬኔ ነበር።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ጥላ የሚጥሉበት መንገድ ላይ ሳይክል የሚያከራዩ ሰውዬ ነበሩ፣ አባባ ነው የምንላቸው። ግማሽ ሰዓት አንድ ብር። ስድስት ሰባት ሳይክል ዛፍ ላይ አስደግፈው ኩርሲ ላይ ይቀመጣሉ፣ የወሰድንበትን ሰዓት በእስክሪፕቶ መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ ብንረሳ መዳፋቸው አይረሳም። ከሁሉም እኔ የምወስደው አረንጓዴዋን ነበር። ቀለሟ ተላልጧል፣ ሴላዋ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ የቀኝ ፔዳሏ ላስቲኩ ወልቆ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ፓራፋንጎ የላትም፣ ፍሬን ደግሞ ጭራሽ የላትም። ማንም ስለማይፈልጋት ሁሌ ትገኛለች፣ አባባም ስለሚያፍሩ መሰለኝ አምስት ደቂቃ ምራቂ ይሰጡኝ ነበር። ለመቆም ምን ታደርጊያለሽ፣ ግራ እግርሽን ከፔዳሉ አንስተሽ ወደኋላ ታደርጊና በነጠላ ጫማሽ ሶል የኋላ ጎማውን ትጫኚዋለሽ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ይሞቃል፣ ከዛ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዛ ትቆሚያለሽ። ወይም አትቆሚም።

ይሄን ሁሉ ያስታወሰኝ ትራክ ላይ የሚነዳ ሳይክል ፍሬን እንደሌለው ያወቅኩ ቀን ነው። አሁን 34 ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማታ ልጆች ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል ስልኬ ላይ የሴቶች የሳይክል ውድድር አያለሁ። ሌላው ሰው ድራማ ያያል፣ እኔ ይሄንን። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፣ የራሴን ታሪክ ስናገር ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው የምሄደው፣ እንዳትምታቱ።)

ትራክ የሚባለው ምን መሰላችሁ፣ ቬሎድሮም የሚባል አዳራሽ ውስጥ ከእንጨት የተሰራ ክብ መንገድ ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ አንዱ ዙር 250 ሜትር ነው። ኩርባው ላይ መንገዱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይቆማል፣ ማለት ግድግዳ ነው በቃ፣ ቀስ ካልሽ ተንሸራተሽ ትወርጃለሽ፣ እዛ ላይ የሚያቆይሽ ፍጥነትሽ ብቻ ነው። ሳይክሉ ማርሽ አይቀይርም፣ ፍሬን የለውም፣ ካቴናው ደግሞ ከኋላ ጎማው ጋር ያለማቋረጥ የተያያዘ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ለማቆም ፔዳሉን በእግርሽ እየታገልሽ ቀስ በቀስ ማብረድ ነው። ፍሬን የሌለው ደግሞ ስለተረሳ አይደለም፣ አራት ሰው በአንድ መስመር ጎማ ለጎማ ተጠጋግቶ ሲበር ከፊት ያለችው ድንገት ፍሬን ብትይዝ ከኋላዋ ያሉት በሙሉ መሬት ላይ ናቸው። አቦ፣ እኔ በልጅነቴ የአባባን ንብረት ነበር የምሰድብላቸው፣ ለካ የኦሎምፒክ ዕቃ ነው።

ከትራክ ተነስተው መንገድ ላይ የነገሱ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ እኔን የያዘችኝ ግን ሊዚ ዳይግናን ነች። እንግሊዛዊት ነች፣ ዮርክሸር የሚባለው አካባቢ ኦትሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያደገችው። በ2004 የሀገሯ የሳይክል ፌዴሬሽን ሰዎች ተሰጥኦ ሊፈልጉ ትምህርት ቤቷ መጡ፣ ልጆቹን ሳይክል ላይ አውጥተው ፈተኗቸው፣ እሷን መረጧት። ያኔ ሊዚ አርሚትስቴድ ነበር ስሟ፣ 15 ዓመቷ። በ2009 ትራክ ላይ በቡድን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ በመንገድ ውድድር ብር አገኘች፣ በ2015 የመንገድ የዓለም ሻምፒዮን። በቃ አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሳይክል ጭነት መጣ፣ ከዛ ይሄ ሁሉ።

2004 በኛ 1996 እና 97 ነው። እኔ ድሬ ላይ 12 ዓመቴ ነው፣ በግራ ጫማዬ ፍሬን እየያዝኩ ነው። ይሄን ሳሰላ ሳልፈልግ ሳቅኩ፣ ከዛ ሳቄ ቆመ።

የሊዚን አንድ ቀን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ፓሪስ ሩቤ የሚባል ውድድር አለ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከ1896 ጀምሮ ወንዶች ይወዳደሩበታል። ስሙን ያገኘው በኮብልስቶን ነው። አዎ ኮብልስቶን፣ እኛ ሰፈር ወጣቶች ተደራጅተው የሚያነጥፉት ዓይነት ሳይሆን የድሮ፣ የተንጋደደ፣ መሃሉ ጭቃ የያዘ፣ ጀጎል ውስጥ አንዳንዱ ቀጭን መንገድ ላይ በዝናብ ቀን በቆዳ ጫማ የሄደ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ሴቶች እዛ ላይ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ2021 ነው፣ ከ125 ዓመት በኋላ። ቀኑ ዝናብ ነበር። ሊዚ የመጀመሪያው ኮብል ላይ ስትደርስ ብቻዋን ወጣች፣ 82 ኪሎ ሜትር እየቀረ! የዛን ያህል ብቻሽን መሄድ እብደት ነው፣ ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ነፋሱን የፊተኛው ስለሚከላከልለት እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል፣ ብቻዋን ያለች ግን ነፋሱ በሙሉ የሷ ነው። ሳይክሉ ከስሯ እንደ በቅሎ ይፈራግጣል፣ የኋላ ጎማዋ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ትመልሰዋለች፣ ይሸሻል፣ ትመልሰዋለች። ጓንት አላደረገችም። መጨረሻ ላይ ካሜራው ሲጠጋ የመሪው መጠቅለያ ላይ ደም አለ፣ መዳፏ ተልጦ።

ደሞ ውድድሩ የሚያልቀው የት ነው፣ ሩቤ ከተማ ያለው አሮጌ ቬሎድሮም ውስጥ። ልጅ ሆና ትራክ ላይ የጀመረች ሴት፣ ወልዳ፣ ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ ያን ሁሉ ጭቃ ለብሳ ትራክ ላይ ገብታ ዞራ ጨረሰች። ሁለተኛ የወጣችው ማሪያን ቮስ ነች፣ እሷ ራሷ በ2008 ቤጂንግ ላይ በትራክ፣ በ2012 ለንደን ላይ በመንገድ ወርቅ ያገኘች ሆላንዳዊት።

ለአሸናፊዋ የተሰጠው ሽልማት 1,535 ዩሮ ነው። በማግስቱ በወንዶቹ ላሸነፈው 30,000 ዩሮ። ያው ኮብል፣ ያው ጭቃ። የወንዶቹ ርቀት በእጥፍ ይበልጣል ትሉኝ ይሆናል፣ እሺ፣ ታዲያ ሽልማቱ ሃያ እጥፍ የሆነው በየትኛው ሂሳብ ነው? ፋርማሲ ውስጥ እንደዚህ ባሰላ እባረራለሁ።

ወደ ድሬ ልመለስ። ያቺ አረንጓዴ ሳይክል የወንድ ሳይክል ነበረች፣ ላይኛው ብረት ያላት። ቀሚስ ያደረገች ልጅ ብረቱ ላይ እግሯን አታነሳም፣ ስለዚህ እግራችንን በብረቱ ስር አሾልከን በአንድ ጎን ተንጋደን ነበር የምንነዳው። አንድ ቀን እንደዛ ተንጋድጄ፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተገዛልኝን ቀሚስ አድርጌ፣ ካቴናው ቀሚሴን ነከሰው። ነክሶ ቢተው ጥሩ፣ እየጎተተ ዋጠው፣ እኔ ከነሳይክሉ መሬት ላይ፣ ቀሚሱ ጥርሱ መሃል ገብቶ በግራሶ ጠቁሮ። አባባ ሊያወጡት ታገሉ አልሆነም። ሰው ሄዶ አያቴን ጠራብኝ። መጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንም ሳትናገር ከአንዱ ልብስ ሰፊ መቀስ ተዋሰችና ቀሚሱን ከጉልበቴ በላይ ቆረጠችው። ሰው ሁሉ እያየ። ሌላው ቁራጭ ሳይክሏ ጋር ቀረ። ከዛ ክንዴን ይዛ ስትወስደኝ፣

"ከዚህ ነገር ላይ ምን ታገኛለሽ አንቺ ልጅ፣ ያለሽን ትጥያለሽ እንጂ!" አለችኝ።

እኔ ሳንቲሜን ጣልኩ መሰለኝና ኪሴን ፈተሽኩ።

ምን ለማለት እንደፈለገች የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ሴት ልጅ ሳይክል ከነዳች ድንግልናዋ ይሄዳል የሚባለውን ወሬ የማያውቅ የለም፣ ዛሬም አለ፣ ፋርማሲ ድረስ መጥተው በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ፣ ውሸት ነው እላቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ያምኑኛል። ግን ይሄን የኛ አያቶች ብቻ ኋላ ቀርነት አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሳይክል ኦሎምፒክ ላይ ከ1896 ጀምሮ አለ፣ ሴቶች በመንገድ ውድድር የገቡት በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፣ ትራክ ላይ ደግሞ በ1988 ሴኡል። 88 ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ሽማግሌዎች ስብሰባ ተቀምጠው አያቴ በመቀስ የሰራችውን ስራ በቃለ ጉባኤ ሲሰሩት ነበር።

ለዚህ ማስረጃ ካስፈለገ ቤሪል በርተን ነች። እሷም ዮርክሸር፣ ከሊዚ ከተማ ብዙ የማይርቅ ቦታ። ልጅ ሆና በሩማቲክ ፊቨር ተይዛ ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ከባድ እንቅስቃሴ እንዳታደርግ ነበር የተነገራት። ሳይክል ያስጀመራት ባሏ ቻርሊ ነው፣ እሱ ራሱ ይነዳ ነበር፣ በኋላ ላይ ግን እሷ ስትበልጠው ሳይክሏን የሚጠግነው፣ ልጅ የሚይዘው፣ ወደ ውድድር የሚያደርሳት እሱ ሆነ። ትራክ ላይ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ። ደሞዝ የላትም፣ እርሻ ላይ እየተሸከመች እየቆፈረች ነው የምትሰራው፣ ከስራ በኋላ ነው የምትሰለጥነው። ኦሎምፒክ? የለም፣ በሷ ዘመን ለሴት አልተፈቀደም።

በ1967 የ12 ሰዓት ውድድር ነበር። በ12 ሰዓት ውስጥ ማን ብዙ ይነዳል ነው ጨዋታው። ወንዶቹ ቀድመው ተነሱ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ማይክ ማክናማራ የሚባል ሰውዬ በዛን ቀን የወንዶችን ሪከርድ እየሰበረ ነበር፣ ሪከርድ ሲባል ተራ ነገር አይደለም፣ 445 ኪሎ ሜትር። እና ከኋላው ቤሪል መጣች። ደረሰችበት። አጠገቡ ስትሆን ምን ልበለው ብላ ተቸገረች መሰለኝ፣ ኪሷ ገብታ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው። ተቀበላት፣ በላው፣ እሷ አለፈችው። በ12 ሰዓት 446 ኪሎ ሜትር። ከድሬ አዲስ አበባ ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ በአውቶቡስ ተቀምጠን ወገባችን የሚቆረጥበት መንገድ። ሰውዬው የወንዶችን ሪከርድ በሰበረበት ቀን በሴት ተበለጠ፣ ወንዶች የሷን ቁጥር ለማለፍ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው፣ ሴት ሳታልፈው ደግሞ 50 ዓመት፣ እስከ 2017።

የከረሜላው ነገር በጣም ነው የሚገርመኝ። ንቀት ነው ወይስ ደግነት? እኔ ሳስበው የድሬ ነገር ነው የሚመስለኝ፣ አሸንፈሽው ስታበቂ "እንካ አቦ፣ ጣፋጭ" ብለሽ ማለፍ። ግን ቤሪል ሁሌ እንዲህ አልነበረችም። ልጇ ዴኒዝ አድጋ በ1976 የእንግሊዝ ሻምፒዮና ላይ እናቷን ራሷን ስታሸንፋት እጇን ለመጨበጥ እምቢ አለች። የገዛ ልጇን! ስለ ሴት ስፖርተኛ ሲጻፍ ሁሌ ትሁት፣ ታጋሽ፣ እናት ምናምን ይባላል፣ እኔ ይቺን ያኮረፈችዋን ቤሪል ነው የምወዳት። የሞተችውም ሳይክል ላይ ሆና ነው፣ በ1996፣ ለ59ኛ የልደት በዓሏ ጥሪ እያደረሰች።

የኔ ነገር ያለቀው በ1998 ክረምት ነው፣ ቢያንስ ለብዙ ዓመት እንደዛ ነበር የማወራው። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ወንዝ መሆኑን ትረሻለሽ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ከደጋው የዘነበው ውሃ ሁሉ በአንዴ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዛ ሌሊት ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ሳይክል ለማውራት ብዬ የሰው ሬሳ ላይ አልረማመድም። አባባ ቤታቸው በዛ በኩል ነበር፣ ራሳቸው ተርፈዋል፣ ሳይክሎቹ ግን ማታ ማታ የሚያስገቡት ግቢያቸው ውስጥ ስለነበር ሄዱ። አረንጓዴዋን ከዛ ወዲያ ያያት የለም። 14 ዓመቴ ነበር።

እና ለሰው ሁሉ የምናገረው ይሄንን ነበር፣ መጀመሪያ አያቴ በመቀስ ቆረጠችኝ፣ ቀጥሎ ጎርፍ ሳይክሌን ወሰደው፣ እንጂ እኔማ የት በደረስኩ። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል።

ይሄን ታሪክ ያበላሸችብኝ የወንድሜ ልጅ ነች። 12 ዓመቷ ነው፣ ምላሷ እሳት። ባለፈው ክረምት እኔ ቤት ስትመጣ አብረን ስልኬ ላይ ክሪስትን ፎክነርን እያየን ነበር። ፎክነር አሜሪካዊት ነች፣ አላስካ ነው ያደገችው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ መጀመሪያ የመንገድ ውድድሩ ቡድን ውስጥ አልነበረችም፣ ሌላዋ ቦታዋን ስለለቀቀች ነው የገባችው። 158 ኪሎ ሜትር። መጨረሻ ላይ ከፊት ቮስና አንዲት ሃንጋሪያዊት ነበሩ፣ ፎክነር ከቤልጂየሟ ኮፔኪ ጋር ደረሰችባቸው፣ ደርሳ ትንፋሿን መሰብሰብ ሲገባት ወዲያው፣ እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ሄደች። በ58 ሰከንድ አሸነፈች። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ትራክ ላይ ገባች፣ አራት ሴቶች ሆነው 4 ኪሎ ሜትር ከ4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሰው ሌላ ወርቅ። በሰዓት ወደ 59 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ባጃጅ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ እየጮኸ የሚሄደው።

"ስንት ዓመቷ ነው ስትጀምር?" አለችኝ ልጅቷ።

"24። ኒውዮርክ ስራ ይዛ፣ መናፈሻ ውስጥ ለጀማሪ የሚሰጥ ስልጠና ገብታ ነው የጀመረችው።"

"አንቺስ ከጎርፉ በኋላ ሳይክል ጠፋ እንዴ ከድሬ?"

አልጠፋም። እውነቱን ልናገር፣ በዓመቱ ሌሎች ሰዎች ሳይክል ማከራየት ጀምረዋል፣ በዛው መንገድ። አያቴም ከቀሚሱ ቀን በኋላ አንድም ቀን አትሂጂ ብላ አልከለከለችኝም፣ እንደውም ሱሪ ገዝታልኛለች፣ እኔ ነኝ ለምን እንደገዛችልኝ ያልጠየቅኳት። ጡቴ አብጦ ነበር፣ የሰፈር ወንዶች ማየት ጀምረው ነበር፣ አንዱ ስነዳ አይቶኝ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ምን እንዳለ አልደግመውም፣ ከዛ ቀን ጀምሮ በዛ መንገድ ሳልፍ በእግሬ ነው። በቃ ይሄው ነው። መቀሱም ጎርፉም አይደለም፣ የአንድ ወጠጤ አንድ ቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ አያቴን ስወነጅል ኖርኩ።

እርግጥ ፎክነርን ከራሴ ጋር ማወዳደር ቀልድ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለች ጀልባ ቀዛፊ ነበረች፣ ሳንባውም እግሩም ቀድሞ ተሰርቷል፣ የገንዘብ ስራ ላይ ስለነበረች ሳይክል መግዛት አልቸገራትም። እነዚያ የካርቦን የውድድር ሳይክሎች እኮ አንዷ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚያወጡ አሉ፣ በድሬ ሂሳብ ባጃጅ ገዝተሽ ይተርፍሻል። "ከፈለግሽ ትችያለሽ" የሚሉ ቪዲዮዎች ይሄን አይነግሩሽም። በዛው በፓሪሱ ውድድር፣ ፎክነር ባሸነፈችበት፣ እየሩ ገብሩም ተሰልፋ ነበር። ኢትዮጵያዊት ነች፣ ስዊዘርላንድ የዓለም የብስክሌት ማህበር ማዕከል ገብታ የሰለጠነች፣ የትግራይ ጦርነት ሲመጣ ፈረንሳይ ጥገኝነት ጠይቃ የቀረች፣ የሮጠችውም የስደተኞችን ቡድን ማሊያ ለብሳ ነው። ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ቆመው ነው የተነሱት። ከዛ መስመር በስተጀርባ ያለው መንገድ ግን አንድ አይደለም። ከዛ በፊት በቶኪዮ ሰላም አምሃ ነበረች፣ የኛን ባንዲራ ይዛ፣ ያኔ ስራ ላይ ሆኜ ስልኬን ከመድሃኒት ካርቶን ጀርባ ደብቄ ነው የተከታተልኩት። ውድድሩን አልጨረሰችም። ያሸነፈችው አና ኪዘንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት የሂሳብ ዶክተር ነበረች፣ ቡድን የላትም፣ ገና ሲጀመር ወጥታ ስለሄደች ረስተዋት፣ ሁለተኛ የገባችው ሆላንዳዊት አሸነፍኩ ብላ እጇን አንስታ ነው መስመሩን ያለፈችው። ሰው የሳቀው በሷ ነው፣ እኔ ግን ሰላምን እየፈለግኩ ነበር፣ ካሜራው አንዴም አላሳያትም።

ለማንኛውም የልጅቷ ጥያቄ አላስተኛኝም። በሳምንቱ ታይዋን ገበያ ሄጄ ያገለገለ ማውንቴን ገዛሁ፣ ባለ 21 ማርሽ። ሻጩ "ለልጅሽ ነው?" አለኝ። "ለራሴ" ስለው ሳቀና "አይዞሽ አቦ፣ ፍሬኑ አዲስ ነው" አለኝ።

ሁለት ወር ከዚራ ውስጥ በንጋት ነዳሁ፣ ሰው ሳይነሳ። ሦስተኛው ወር ላይ ደንገጎ ካልወጣሁ አልኩ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ እና ያ ሁሉ ከፍታ ማለት ይቻላል የሚወጣው መጀመሪያው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው፣ እየተጠማዘዘ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ራሴን ሊዚ አድርጌያት ነበር። ከዛ ማርሹ አለቀ፣ ከአንደኛ በታች ማርሽ የለም፣ እኔ ግን ከአንደኛ በታች እፈልግ ነበር። የጫት መኪና ከላይ እየበረረ ሲመጣ ወደ ቦዩ ጠርዝ እወጣለሁ፣ ልቤ ይቆማል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ትንንሽ ልጆች በባዶ እግራቸው አጠገቤ ሮጡ፣ ትንሽ አጀቡኝ፣ ሰለቻቸው መሰለኝ አለፉኝ። አንዲት እናት እንጨት ተሸክማ ቁልቁል እየመጣች ነበር፣ እኔ ፔዳል ላይ ቆሜ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እሷ ሸክሟ ከሷ ይበልጣል፣ አየችኝና "ጀባዹ!" አለችኝ፣ በርቺ ማለቷ ነው። ለሷ ማን እንደሚላት እንጃ።

አልጨረስኩትም። ስንት ኩርባ እንደቀረኝ አላውቅም፣ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወረድኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ድሬን ከላይ አየኋት፣ ጠፍጣፋ፣ አቧራማ፣ ውብ፣ ከዛ አዞርኩ።

ቁልቁለቱ ነው ያስፈራኝ። አዲስ የተባለው ፍሬን ሦስተኛው ኩርባ ላይ መሽተት ጀመረ፣ እጄ ደነዘዘ፣ ሳይክሉ እየፈጠነ ነው፣ ከፊቴ አይሱዙ እየወጣ ነው፣ እና ሳላስበው፣ ወላሂ ሳላስበው፣ ግራ እግሬ ከፔዳሉ ተነስቶ ወደኋላ ሄደ። ስኒከሬ ጎማው ላይ አረፈ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሞቀ፣ ሽታው መጣ። ቆምኩ።

አያቴ አሁን ሰማንያዎቹን አልፋለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ከበረንዳ ላይ አትነሳም። ቤት ስገባ ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ዘርግታ የግራውን አነሳችው፣ ሶሉ መሃል ላይ ቀልጦ የተሰመረውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ቀኙንም አነሳች፣ ዳሰሰች፣ አስቀመጠች።

"የት ደርሰሽ ነው?"

"ደንገጎ ልወጣ ነበር እማዬ።"

"ደረስሽ?"

"አልደረስኩም።"

"ታዲያ ምን ያስመልስሻል?" አለችኝ።